ዲጂታል ገንዘቦች ይጠላለፋሉ ወይስ ይደጋገፋሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ኢቴሪየም ቢትኮይንን ይበልጠዋል?» «ስቴብልኮይን ካለ ቢትኮይን ለምን ያስፈልጋል?» «መንግሥታት የራሳቸውን ዲጂታል ገንዘብ ካወጡ ክሪፕቶ አበቃለት ማለት ነው?» እነዚህ ጥያቄዎች በየጊዜው ይነሳሉ። (ኢቴሪየም እንደ ቢትኮይን ያለ ሌላ የዲጂታል ገንዘብ ኔትወርክ ነው፤ ስቴብልኮይን ደግሞ ዋጋው ከዶላር ወይም ከሌላ ገንዘብ ጋር የታሰረ ኮይን ነው።) ችግሩ፣ መልስ የሚሰጠው ሰው ብዙውን ጊዜ ለያዘው ኮይን የሚከራከር ነው። በዚህ መሃል ገንዘቡን የሚያጣው ነገሩን ገና እየተማረ ያለው ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ለየትኛውም ኮይን አያደሉም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአጭሩ፣ ይፎካከራሉ ወይስ ይደጋገፋሉ?

ሁለቱንም ያደርጋሉ። ይህ ብቻውን ግን ለማንም አይጠቅምም። ሁለት ኮይኖችን ስታዩ መጀመሪያ «የሚጋሩት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ተጠቃሚ ነው? የማይኒንግ ማሽን ነው (ማይኒንግ ማለት በኮምፒውተር ጉልበት ኔትወርኩን ጠብቆ በሽልማት አዲስ ኮይን ማግኘት ነው)? መጠባበቂያ ገንዘብ ነው? ወይስ ስም?

አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ፣ ያንኑ ማሽን የሚሻሙ ኮይኖች መጎዳዳታቸው አይቀርም። የተለያየ ሥራ የሚሠሩት ደግሞ አንዱ ለሌላው ገበያ ያመጣል። የከፋው ሦስተኛው ዓይነት ነው። ከላይ ሲታዩ ተፎካካሪ ይመስላሉ፤ ከሥር ግን አንዱ የሌላው መጠባበቂያ ነው። በክሪፕቶ ታሪክ ብዙ ሰው ያደኸዩት ውድቀቶች ከፉክክር ይልቅ ከዚህ ስውር ጥገኝነት የመጡ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከቢትኮይን በኋላ የመጡት ኮይኖች እሱን ለመተካት ነው የተፈጠሩት?

የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። የቢትኮይን የመጀመሪያው ብሎክ (ዝውውሮች የሚመዘገቡበት አንድ ገጽ እንደማለት ነው) የተፈጠረው ጃንዋሪ 3፣ 2009 ነው። ከእሱ ቀጥሎ በ2011 የመጣው ኔምኮይን ነበር። ሐሳቡ የቢትኮይንን ቴክኖሎጂ የድረ ገጽ ስሞችን ለመመዝገብ መጠቀም ነው። ክፍያ ላይ ከቢትኮይን ጋር አልተሻማም። ቆየት ብሎም የቢትኮይን ማይነሮች በዚያው ማሽን፣ በዚያው መብራት ኔምኮይንንም ማይን እንዲያደርጉ ተደረገ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ላይትኮይን ተከተለ። የሠራው ቻርሊ ሊ ያኔ የጉግል መሐንዲስ ነበር። የቢትኮይን ብሎክ በአማካይ በ10 ደቂቃ ሲወጣ የላይትኮይን በ2 ደቂቃ ተኩል ይወጣል። ሊወጣ የሚችለው የቢትኮይን ብዛት ጣሪያ 21 ሚሊዮን ነው፤ የላይትኮይን አራት እጥፉ፣ 84 ሚሊዮን። ደጋፊዎቹ ቢትኮይንን በወርቅ፣ ላይትኮይንን ደግሞ በብር ማዕድን ይመስሏቸው ነበር። አንዱ ለትልቅ ቁጠባ፣ ሌላው ለዕለት ክፍያ ማለታቸው ነው።

ላይትኮይን ለቢትኮይን የዋለው ትልቁ ውለታ ግን ብዙ ሰው የማያወራለት ነው። በ2017 የቢትኮይን ማኅበረሰብ ሴግዊት የሚባል ማሻሻያ ላይ ተጣልቶ ነበር። ማሻሻያው የዝውውር መረጃ የሚቀመጥበትን መንገድ ይቀይራል፤ ቦታም ይቆጥባል። ተቃዋሚዎቹ «በሴግዊት አድራሻ ያለን ገንዘብ ማንም ሊወስደው ይችላል» ይሉ ነበር። ላይትኮይን ቀድሞ በሜይ ሥራ ላይ አዋለው። ስሙን ያልገለጸ አንድ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ላይትኮይን በአንድ የሴግዊት አድራሻ አስቀመጠና «መውሰድ የሚችል ይውሰደው» አለ። ማንም አልወሰደውም። ቢትኮይን በኦገስት ማሻሻያውን ሲተገብር ያ ፍርሃት በእውነተኛ ገንዘብ ተፈትኖ አልፏል። ለቢትኮይን እንዲህ ዓይነት የሙከራ ሜዳ ሌላ ቦታ አይገኝም ነበር።

አንድ ኮይን ሌላውን ከመሞት ያዳነበት ጊዜ አለ?

አለ። ዶጅኮይን።

ዶጅኮይን በ2013 ዲሴምበር ለቀልድ የተጀመረ ኮይን ነው። መጀመሪያ ላይ ለማይነሮች የሚሰጠው ሽልማት በጣም ብዙ ነበር፤ ግን በየሁለት ወሩ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። በ2014 አጋማሽ ሽልማቱ ስላነሰ ማይነሮቹ ትተውት መሄድ ጀመሩ። ማይነር የራቀው ኮይን ደግሞ ጥቃት ይከፈትበታል። ትንሽ ጉልበት ያለው ሰው ሳይቀር ኔትወርኩን ሊቆጣጠረው ይችላል።

ዶጅኮይንና ላይትኮይን የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት የማይኒንግ ስልት ነው፤ ስሙ ስክሪፕት ይባላል። ስለዚህ ያንኑ ማሽን የሚሻሙ ተፎካካሪዎች ነበሩ። ቻርሊ ሊ ራሱ ለዶጅኮይን ሰዎች «አንድ ላይ ማይን ይደረጉ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ተግባራዊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድ ማሽን በአንድ ሥራ ለሁለቱም ኔትወርክ ጥበቃ ይሰጣል፤ ባለቤቱም ከሁለቱም ሽልማት ያገኛል።

የታሪኩ ጥሩው ክፍል የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ዶጅኮይን ዋጋው ጨመረ። ዛሬ የላይትኮይን ማይነሮች ገቢ ቀላል የማይባል ክፍል የሚመጣው ከዶጅኮይን ነው። ያኔ አዳኙ ላይትኮይን ነበር፤ አሁን ዶጅኮይን ውለታውን እየመለሰ ነው።

ታዲያ የከረረ ጠብ የሚመጣው መቼ ነው?

ስምን፣ ማሽንንና ተጠቃሚን በአንድ ጊዜ ሲሻሙ። ቢትኮይን እና ቢትኮይን ካሽ ጥሩ ማሳያ ናቸው።

ክርክሩ የብሎክ መጠን ላይ ነበር። አንድ ወገን ብሎኩ ትንሽ ሆኖ ይቆይ፣ ማንም ሰው በተራ ኮምፒውተር ኔትወርኩን መከታተል ይቻለው አለ። ሌላው ወገን ብሎኩ ይስፋ፣ የማስተላለፊያ ክፍያ ይርከስ አለ። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። አልተስማሙም። ኦገስት 1፣ 2017 ቢትኮይን ካሽ 8 ሜጋባይት ብሎክ ይዞ ተገነጠለ። ያን ቀን ቢትኮይን የነበረው ሰው በእኩል ቁጥር ቢትኮይን ካሽም ደረሰው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱ ኮይኖች የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ማሽን ነው። ማይነር ደግሞ ወደሚያተርፈው ይሄዳል። ቢትኮይን ካሽ ማይነር እንዳያጣ ሲል አንድ ዘዴ ነበረው። በ12 ሰዓት ውስጥ ከ6 ያነሰ ብሎክ ከወጣ ሥራው በ20 በመቶ እንዲቀል ያደርጋል። ሥራው ሲቀል ማይነሮች ግር ብለው ይመጣሉ፣ ብሎክ በብሎክ ላይ ያወጣሉ። ከዚያ ሥራው ይከብዳል፤ እነሱም ወደ ቢትኮይን ይመለሳሉ። ወደ ቢትኮይን ካሽ በሄዱ ቁጥር ቢትኮይን ላይ ብሎክ ይዘገያል፣ ወረፋ ይረዝማል፣ ክፍያ ይወደዳል። ይህ ግርግር ለወራት ቆየ። በኖቬምበር ቢትኮይን ካሽ ዘዴውን ሲቀይር ነው የረገበው።

የተጎዳው ማን ነው? ከማይነሩ በላይ ተራው ላኪ ነው። የአንዱ ኮይን ሕግ ጦስ በሌላው ተጠቃሚ ላይ አረፈ። ቢትኮይን ካሽም ሰላም አላገኘም፤ በ2018 ኖቬምበር ራሱ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ትንንሽ ኮይኖች በትልልቆቹ የተነሳ አደጋ ላይ ይወድቃሉ?

አዎ፣ አንድ ዓይነት ማሽን ከተጠቀሙ። ማሽኑ ትልቁን ኮይን ለመጠበቅ የተገዛ ነው። ከዚያ ውስጥ ትንሽ ክፍል ወደ ትንሹ ኮይን ቢዞር ከግማሽ በላይ ጉልበት ይሆናል። ከግማሽ በላይ ጉልበት ያለው ደግሞ አንድን ገንዘብ ሁለት ጊዜ መክፈል ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ጉልበት በሰዓት የሚያከራዩ ገበያዎችም አሉ።

ቢትኮይን ጎልድ በ2018 ሜይ በዚህ መንገድ 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ኮይን ሁለት ጊዜ ተከፍሎበታል። ኢቴሪየም ክላሲክም በ2019 ጃንዋሪ፣ ከዚያም በ2020 ኦገስት በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠቅቷል።

ከዶጅኮይን ታሪክ ጋር አስተያዩት። ማሽን መጋራት በራሱ ክፉ አይደለም። ልዩነቱ ስምምነት መኖሩ ላይ ነው። አብረው ማይን የሚደረጉ ኮይኖች ይጠባበቃሉ። ተለያይተው ያንኑ ማሽን የሚጠቀሙት ግን ትንሹ ሁልጊዜ በትልቁ ጥላ ሥር በስጋት ይኖራል።

ማንም ሰው ኮፒ አድርጎ አዲስ ኮይን መሥራት ከቻለ የ21 ሚሊዮኑ ጣሪያ ምን ትርጉም አለው?

ኮዱ ኮፒ ይደረጋል። ማይነሩ፣ ተጠቃሚው፣ የሚቀበለው ነጋዴና የሚያገበያየው ኤክስቼንጅ ግን ኮፒ አይደረጉም። በ2017 መጨረሻና በ2018 መጀመሪያ የቢትኮይንን ስም የያዙ ብዙ ቅጂዎች ወጥተው ነበር። አብዛኞቹን ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም።

ፉክክሩ ግን ምንም አልነካውም ማለትም አይቻልም። ቢትኮይን ከጠቅላላው የክሪፕቶ ገበያ ያለው ድርሻ በ2018 ጃንዋሪ ከ40 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። በ2021 መግቢያ ላይ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ተጠጋ። ድርሻው ይወጣል፣ ይወርዳል። ደህና ዘመን ሲሆን ሰው አዳዲሶቹን ይሞክራል፤ ሲከፋ ወደ ነባሩ ይሸሻል።

አንድ የሚረሳ ነገርም አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዲስ ኮይን ለመግዛት ቀድሞ ቢትኮይን መግዛት ግድ ነበር፤ አብዛኛው ኤክስቼንጅ ሌሎቹን የሚሸጠው በቢትኮይን ነው። በ2017 ደግሞ አዳዲስ ቶክኖች (በነባር ኔትወርክ ላይ የሚወጡ ኮይኖች) ሲሸጡ ክፍያው በብዛት በኢቴሪየም ገንዘብ፣ በኢቴር ነበር። ተፎካካሪ በተወለደ ቁጥር የነባሩ ፈላጊ ይጨምር ነበር።

ስቴብልኮይን የቢትኮይን ጠላት ነው?

በዕለት ክፍያ ላይ በደንብ በልጦታል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

በ2017 ዲሴምበር አንድ የቢትኮይን ዝውውር ለማስተላለፍ በአማካይ ከ50 ዶላር በላይ የተከፈለባቸው ቀናት ነበሩ። ስቲም የተባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መሸጫ በዚያው ወር ክፍያውንና የዋጋውን መዋዠቅ ጠቅሶ ቢትኮይን መቀበል አቆመ። የ10 ዶላር ጌም ለመግዛት ለማስተላለፊያ ብቻ 20 ዶላር የሚከፍል የለም። ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ፣ ለማስተላለፍም የረከሰ ነገር ሲመጣ ሰው ወደዚያ መሄዱ የሚጠበቅ ነው።

ግን ስቴብልኮይኑ ከየት መጣ? ትልቁ ስቴብልኮይን ቴዘር በ2014 ሲጀመር የሚንቀሳቀሰው በቢትኮይን ብሎክቼይን፣ ማለትም በብሎኮቹ መዝገብ ላይ ነበር። ቢትኮይን ላይ ክፍያው ሲወደድ ወደ ኢቴሪየም አዘነበለ። ኢቴሪየም ላይም ሲወደድ ትሮን ወደሚባል ሌላ ኔትወርክ። ቢትኮይን ባይኖር መነሻ አያገኝም ነበር።

በሌላ በኩል ዛሬ ቢትኮይን በቀላሉ የሚሸጠውና የሚገዛው አብዛኛው ግብይት በቴዘር ስለሚካሄድ ነው። ከባንክ ጋር መሥራት የተከለከለ ኤክስቼንጅ እንኳን በዶላር ዋጋ ማገበያየት ይችላል። ስለዚህ ስቴብልኮይን ከቢትኮይን አንድ ሥራ ወሰደ፤ በምትኩ ሌላ ሥራውን አቀለለለት። እኔ ይህን መደጋገፍ እለዋለሁ። አንድ ነገር ግን መርሳት የለብንም፦ ቢትኮይን የሚገበያየው በቴዘር ከሆነ ቴዘር ሲናጋ ቢትኮይንም ይናጋል።

ስቴብልኮይኖቹ እርስ በርሳቸውስ?

ማርች 10፣ 2023 አርብ ቀን የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ወደቀ። ዩኤስዲሲ የሚባለውን ስቴብልኮይን የሚያወጣው ሰርክል መጠባበቂያው 40 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ውስጥ 3.3 ቢሊዮኑ በዚህ ባንክ ተቀምጦ ተገኘ። ቅዳሜና እሁድ ባንክ ዝግ ነው። የክሪፕቶ ገበያ ግን አይዘጋም። ሰው ደነገጠ፤ 1 ዶላር መሆን የነበረበት ዩኤስዲሲ ቅዳሜ ዕለት ከ88 ሳንቲም በታች ተሸጠ።

አሁን ጎረቤቶቹን እንይ። ዳይ የሚባል ሌላ ስቴብልኮይን አለ። ባንክ አይነካካም፣ በማንም ኩባንያ አይያዝም ተብሎ የሚወደድ ነበር። እሱም አብሮ ወረደ። ለምን? ከመጠባበቂያው ትልቅ ክፍል ያኔ ዩኤስዲሲ ነበር። የባንክን ሥርዓት የሸሹ ሰዎች ሳያውቁት በአንድ የካሊፎርኒያ ባንክ ላይ ተንጠልጥለዋል።

ቴዘር ደግሞ በዚያው ቅዳሜና እሁድ ከ1 ዶላር ትንሽ ከፍ ብሎ ይሸጥ ነበር፤ ከዩኤስዲሲ የሸሸው ገንዘብ ወደ እሱ ሄደ። እሁድ ማታ የአሜሪካ መንግሥት አስቀማጮች ገንዘባቸው ሙሉ በሙሉ እንደሚጠበቅላቸው ሲያስታውቅ ዩኤስዲሲ ወደ ቦታው ተመለሰ። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት አየን፤ የአንዱ ችግር ለአንዱ ሲሳይ፣ ለሌላው መዘዝ ሆነ። የለየው ምን ይጋራሉ የሚለው ነው።

አንድ ኮይን ወድቆ ቢትኮይንን ይዞ ሊወድቅ ይችላል?

እስካሁን ካየነው እጅግ የከፋው በ2022 ሜይ የሆነው ነው። ቴራ የሚባለው ፕሮጀክት ዩኤስቲ የተሰኘ ስቴብልኮይን ነበረው። በባንክ ውስጥ የተቀመጠ ዶላር አልነበረውም። ዋጋው የሚጠበቀው ሉና ከሚባለው እህት ኮይን ጋር በመለዋወጥ ነበር። ለአስቀማጩም አንከር በሚባል አገልግሎት በዓመት 20 በመቶ የሚጠጋ ወለድ ይከፈል ነበር።

የቴራ ሰዎች ለክፉ ቀን ብለው ቢትኮይን ገዝተው አስቀመጡ። ውድቀቱ ሲጀምር 80,000 ገደማ ቢትኮይን ነበራቸው። ያኔ ብዙ ሰው «ተመልከቱ፣ ቢትኮይን የሌሎች መጠባበቂያ ሆነ» ብሎ ተደስቶ ነበር። ዩኤስቲ ከ1 ዶላር ሲወርድ ግን ያ ሁሉ ቢትኮይን ዋጋውን ለማስመለስ ወጣ። በሳምንት ገደማ ውስጥ የቀራቸው 313 ብቻ ነበር። ዩኤስቲም አልዳነም፣ ሉናም ዋጋ አልባ ሆነች። ከ35,000 ዶላር በላይ የነበረው ቢትኮይን በዚያው ሳምንት ከ27,000 በታች ወረደ። በሁለቱ ኮይኖች ብቻ 40 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠፋ።

በዚያ አላበቃም። ስሪ አሮውስ ካፒታል የሚባለው ፈንድ ወደቀ። የሰዎችን ክሪፕቶ ተቀብሎ ወለድ የሚከፍለው ሴልሺየስ የሰው ገንዘብ መመለስ አቆመ፤ በጁላይ ኪሳራ አወጀ። ሴልሺየስ ውስጥ ቢትኮይን ብቻ ያስቀመጠ፣ ሉናን በስም እንኳን የማያውቅ ሰው ገንዘቡ ተቆለፈበት። ቤተሰቡን ለማሳደግ ያጠራቀመውን እዚያ ያኖረ ሰው ነበር። ይህን ጉዳይ እንደ ደጋፊዎች ሙግት ማየት የማልወደው ለዚህ ነው።

መጠባበቂያ የሆነ ነገር በደህና ጊዜ ድጋፍ ነው። በክፉ ጊዜ የሚሸጠው እሱ ስለሆነ ውድቀቱን ያስተላልፋል።

የማዕከላዊ ባንኮች ዲጂታል ገንዘብ ክሪፕቶን ያጠፋል?

እስካሁን እንደዚያ አልሆነም። ባሃማስ በ2020 ኦክቶበር ሳንድ ዶላርን አወጣች። ናይጄሪያ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢናይራን፣ ጃማይካ ደግሞ በ2022 ጃምዴክስን። በናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንኩ በ2021 ፌብሩዋሪ ባንኮች የክሪፕቶ አካውንቶችን እንዲዘጉ አዘዘ። ሰዉ ግን እርስ በርሱ በመገበያየት ክሪፕቶ መጠቀሙን ቀጠለ፤ ኢናይራ የተጠበቀውን ያህል ተጠቃሚ አላገኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ናይራን በዲጂታል መልክ የሚያንቀሳቅስ የባንክ መተግበሪያ ቀድሞም ነበር። ሰዎች ክሪፕቶ የሚይዙት የናይራ ዋጋ ሲወርድ ለመሸሽ ነው። ዲጂታል ናይራም ያው ናይራ ነው።

አገሮቹ የመረጡት መንገድ አንድ አይደለም። ቻይና በ2021 ሴፕቴምበር የክሪፕቶ ግብይትን በሙሉ ሕገወጥ አድርጋ ዲጂታል ዩዋንን ገፋችበት። ያም ሆኖ ዲጂታል ዩዋኑ ከአሊፔይና ከዊቻት ጋር ከመጣላት ይልቅ በእነሱ መተግበሪያ ውስጥ ገብቶ መሥራትን መረጠ። አሜሪካ ተቃራኒውን አደረገች፤ በ2025 ጃንዋሪ የማዕከላዊ ባንክ ዲጂታል ገንዘብ እንዳይወጣ በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ተከለከለ። በጁላይ ደግሞ ስቴብልኮይን የሚያወጡ ኩባንያዎች የሚገዙበት ሕግ ተፈረመ። አውሮፓ ለስቴብልኮይን ሕግ አውጥታ ዲጂታል ዩሮንም እያዘጋጀች ነው።

ፉክክሩ ባይኖር ማዕከላዊ ባንኮቹ ይህን ያህል ይፈጥኑ ነበር ብዬ አላስብም። ፌስቡክ በ2019 ጁን ሊብራ የሚባል ገንዘብ አወጣለሁ ሲል የብዙ አገር ባለሥልጣናት ደነገጡ። በጥቂት ወራት ቪዛ፣ ማስተርካርድና ፔይፓል ከፕሮጀክቱ ወጡ። ስሙ ዲየም ቢባልም አልዳነም፤ በ2022 ጃንዋሪ ንብረቱ ተሸጠ። ሊብራ አንድም ቀን ሥራ ላይ አልዋለም። የመንግሥታትን ሥራ ግን አፋጥኗል።

ስቴብልኮይን ለአገር ገንዘብ ስጋት ነው?

ለዶላር አይደለም። ቴዘር ለእያንዳንዱ ለሸጠው ኮይን መጠባበቂያ መያዝ አለበት። ከመጠባበቂያው ብዙው የአሜሪካ መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ነው፤ መጠኑም ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ስቴብልኮይን የሚገዛ ሰው የትም አገር ይሁን በተዘዋዋሪ ለአሜሪካ መንግሥት እያበደረ ነው።

ለደካማ ገንዘቦች ግን ስጋት ነው። የዋጋ ንረት በበረታባቸው እንደ አርጀንቲናና ቱርክ ባሉ አገሮች ሰው ቁጠባውን በስልኩ ወደ ዲጂታል ዶላር መቀየር ይችላል። ባንክ አይጠይቅም፣ ወረፋ አይዝም። ቁጠባዋ እየቀለጠባት ላለች እናት ይህ መዳኛ ነው። ለማዕከላዊ ባንኩ ደግሞ ገንዘቡ ከእጁ እየወጣ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ሰውን ከመክሰስ ይልቅ የዋጋ ንረቱን ማረጋጋት ይቀድማል ባይ ነኝ።

አንዱን ኮይን በሌላው ኔትወርክ ላይ መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል። ከ2019 ጃንዋሪ ጀምሮ ራፕድ ቢትኮይን የሚባል አለ። ቢትኮይኑ በአንድ ጠባቂ ዘንድ ይቀመጣል፤ በምትኩ በኢቴሪየም ላይ ቶክን ይወጣል። በ2022 በዚህ መንገድ የተቀመጠው ከ250,000 ቢትኮይን በላይ ደርሶ ነበር። ቢትኮይን ብድርና መያዣ ውስጥ ገባ፣ ኢቴሪየምም ጠንካራ መያዣ አገኘ።

አደጋው ያለው መሃል ላይ በሚቆመው ጠባቂ ነው። በ2022 ማርች ሮኒን የሚባለው መሸጋገሪያ (ኮይን ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚያሻግር አገልግሎት) ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዘረፈ። ገንዘቡን ለማውጣት ከ9 ቁልፎች 5ቱ ይበቁ ነበር። ሌቦቹ 5ቱን አገኙ። ኢቴሪየም ራሱ አልተሰበረም፤ የተሰበረው መሸጋገሪያው ነው። ያለ ጠባቂ በቀጥታ የሚለዋወጡበት አቶሚክ ስዋፕ የሚባል ዘዴም አለ፤ በ2017 ሴፕቴምበር በላይትኮይንና ዲክሬድ በሚባል ሌላ ኮይን መካከል ተሠርቶበታል። ዘገምተኛ ስለሆነ እምብዛም አልተስፋፋም። ደህንነቱ ግን የተሻለ ነው።

ብዙ ዓይነት ኮይን መያዝ ስጋትን ይቀንሳል?

ከሚታሰበው ያነሰ። በ2022 ኖቬምበር ኤፍቲኤክስ የሚባለው ትልቅ ኤክስቼንጅ ሲወድቅ ቢትኮይንም፣ ኢቴሪየምም፣ ሌሎቹም አብረው ወረዱ። ሶላና የሚባለው ኮይን የከፋ ነበር፤ ኤፍቲኤክስና እህት ኩባንያው ብዙ ሶላና ስለያዙ ከ30 ዶላር በላይ የነበረው በዓመቱ መጨረሻ ከ10 ዶላር በታች ሆነ። አምስት ዓይነት ኮይን በአንድ ኤክስቼንጅ ማስቀመጥ የኤክስቼንጁን ስጋት አይቀንሰውም። አሥር ዓይነት ኮይን ከመያዝ ይልቅ የያዛችኋቸው ጥቂቶቹ የት እንደተቀመጡና መጠባበቂያቸው ምን እንደሆነ ማወቅ ይሻላል።

ኮይን በተሳሳተ ኔትወርክ ብልክ ምን ይሆናል?

ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። በኮይኖች ፉክክር ተራው ሰው በቀጥታ የሚጎዳው ግን እዚህ ላይ ነው። ቢትኮይን ካሽ ሲገነጠል አድራሻው ከቢትኮይን አድራሻ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ሰዎች አንዱን ወደ ሌላው ላኩ፤ ገንዘብ ጠፋ። በ2018 ጃንዋሪ ቢትኮይን ካሽ የተለየ የአድራሻ አጻጻፍ ያወጣው ለዚህ ነው።

ዛሬ ችግሩ ቴዘር ላይ ይታያል። ቴዘር በብዙ ኔትወርክ ላይ አለ። የትሮን አድራሻ በ«ቲ» ፊደል ይጀምራል። የኢቴሪየም አድራሻ በዜሮና በ«ኤክስ» ይጀምርና 40 ፊደልና ቁጥር ይከተለዋል። እነዚህ ሁለቱ ስለሚለያዩ ዋሌቱ (ኮይን የምትይዙበት መተግበሪያ) ራሱ ያስቆማችኋል። ኢቴሪየምን መስለው የተሠሩ ኔትወርኮች ግን አድራሻቸው ፍጹም አንድ ነው። ተቀባዩ ዋሌቱን ራሱ የሚቆጣጠር ከሆነ ኔትወርኩን ጨምሮ ሊያገኘው ይችላል። ተቀባዩ ኤክስቼንጅ ከሆነና ያን ኔትወርክ የማያስተናግድ ከሆነ ግን መመለሱ በእነሱ ፈቃድ ነው፤ ብዙዎቹም አይመልሱም። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ተቀባዩን «በየትኛው ኔትወርክ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ትንሽ ላኩ፣ መድረሱን አረጋግጡ፣ ከዚያ ቀሪውን ላኩ።